ከእሳቱ ጎን ያለው ወንበር

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ይህን በአማርኛ የምጽፈው ቤዚ እንዳታነበው ነው። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትቆጣም ትንሽ ትናገራለች፣ ፊደል ግን አታውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ ጋሼ ሰረቀብርሃን ናቸው፤ ከሱዳን በመጣን በዓመቱ፣ ኦክላንድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ፣ ማስመሪያ ይዘው። ባስተማሩኝ ፊደል ስለ እሳቸው ልጽፍ መቀመጤ ደስ አይልም።

ዛሬ መንገድ ማቋረጫው ላይ ጋሼ የባቡሩን ፊሽካ አልነፉም።

ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም ነው። በእንቅልፍ ልባቸው የሚያውቁት ነገር። ባቡሩ አስፋልቱ ጋ ሲደርስ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነበር። አንድ ነጭ መኪና ከታች ይመጣል። ዘልዬ የፊሽካውን ገመድ ጎተትኩት። መኪናው ቆመ። ሾፌሩ እጁን አወዛወዘ፣ ሰላምታ ይሁን ስድብ አልለየሁም። ጋሼ ዞር ብለው «አንቺ ድንጉጤ! ገመዱን ልትበጥሺው ነው እንዴ?» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ፀሐይዋ ዓይናቸው ውስጥ ገብታ ነው። በዚያ ሰዓት በእሳቸው በኩል ትገባለች።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ዛሬ ፊሽካውን በየቦታው ነፉ። አንድም አልረሱም። ትናንት በከንቱ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ሊፍት እፈራለሁ፣ የበር ደወል እፈራለሁ፣ ቤዚ ስልኳን ካላነሳች ሆስፒታል እደውላለሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እናቴ ስለሞተች ለቤዚ ነው የተረፍኩት። እንዲህ ያለ ሰው የእንፋሎት ባቡር ላይ ምን ይሠራል ቢባል መልሱ ጋሼ ናቸው። ከባሌ ተለያይቼ ቤቴን ዘግቼ በተቀመጥኩበት ዓመት መጥተው «ተነሽ፣ እሳት ማንደድ ላስተምርሽ» አሉኝ። ከሳን ሆዜ በላይ፣ ተራራው ላይ፣ ሬድውድ በሚባሉት ግዙፍ ዛፎች መሀል፣ በድሮ ዘመን ግንድ ያወርድ የነበረ ባቡር አለ። አሁን የሚያወርደው ቱሪስት ነው። ቅዳሜና እሑድ በፈቃደኝነት እንሠራለን። ጋሼ ይነዳሉ። እኔ ከእሳቱ ጎን ተቀምጬ እሳቱንና ውሃውን እጠብቃለሁ። ባህረዲን የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ሆኖ ተሳፋሪውን ያያል። ቤዚን ደግሞ ለዚህ ሰመር ቀጥረዋታል፤ በማይክ ታሪኩን ለተሳፋሪ ታወራለች። እናቷ ከቦይለሩ አጠገብ፣ እሷ ከኋላ። 

ባቡሩ ቀርፋፋ ነው፣ ሰው በሩጫ ይቀድመዋል። ዳገቱንና ቁልቁለቱን ለመቻል በሚናከሱ የብረት ጥርሶች፣ በማርሽ ነው የሚሄደው፤ ድምፁን የሰማ ግን የሚበር ይመስለዋል። ቀርፋፋ የሚሆነው ፍሬን የሚይዝ ሰው ሲኖር ነው።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ጋሼ ጠዋት ከኦክላንድ በባርት፣ ከከተማ ከተማ በሚያመላልሰው ባቡር ይመጣሉ፤ እኔ ሳን ሆዜ፣ ቤሪየሳ ጣቢያ በመኪና እቀበላቸዋለሁ። መኪና መንዳት ያቆሙት በፋሲካ ሰሞን ነው፣ «ትራፊኩ ሰለቸኝ» ብለው።

ዛሬ ባርቱ መጣ፤ አልወረዱም። የሚቀጥለውም መጣ። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የት ነዎት?»

«ደርሻለሁ። አንቺ ነሽ የሌለሽው።»

«እስቲ ግድግዳው ላይ ምን ይላል?»

ቀስ ብለው «ኮንኮርድ» አሉ።

ኮንኮርድ! ደቡብ መምጣት ሲገባቸው ሰሜን ሄደዋል። «እንቅልፍ ጥሎኝ ነው» አሉኝ። እንቅልፍ ጥሏቸው ነው። የተሳሳተ ባቡር ውስጥ የገቡት ግን ሳይተኙ ነው፣ ይህን አላልኳቸውም። ለማርሲ፣ ለድርጅቱ ኃላፊ፣ ጎማ ተነፈሰብኝ ብዬ ደወልኩላት። ሌላ ሰው የጠዋቱን ጉዞ ነዳ። ጋሼ መኪና ውስጥ ስለ ጎማው ሲሰሙ «ተባረኪ» አሉኝ። አንድ ቃል ብቻ። 

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ላይኛው ጣቢያ ላይ ተሳፋሪው ወርዶ ፎቶ ሲነሳ፣ ጋሼ የድሬዳዋን ታሪክ አወሩ፤ አባታቸው የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ሆነው ግመል ሐዲዱ ላይ ተኝቶ አልነሳም ያለበትን። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ትንሽ ቆይተው ለዚያው ሰው እንደ አዲስ «ግመሉን ነገርኳችሁ?» ብለው ጀመሩ። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፣ ዳግመኛም ሳቁ። አንዲት ሴት ግን ለባሏ «ደህና ናቸው ግን?» ስትለው ሰማሁ።

ሽማግሌ ታሪክ ይደግማል። ይሄም ዜና ሆኖ?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ሥራ ላይ ውዬ መጣሁ። እኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው፣ ሳን ሆዜ። ሚስተር ሃሮልድ ዛሬ ጫማቸውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሲፈልጉ ዋሉ። ቻርታቸው ላይ የሚጻፈውን ጻፍኩ። ለሃሮልድ ለመጻፍ እጄ አይያዝም።

እዚህ ግን ለጋሼ አልጽፈውም። የበሽታውን ስም አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። አልጽፈውም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገባ። ጋሼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ እሳት አጠገብ! ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ጠርሙሱን ዘረጋሁላቸው።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይረዳዎታል፣ ትንሽ ይጎንጩ።»

«ልጄ፣ ውሃው ለቦይለሩ ነው። እሱ ነው የማይጾመው።»

ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ የፍሬኑን እጀታ ይዘው «ይሄ ወዴት ነበር?» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው ነው። ከዚያ ወዲያው በትክክል ጎተቱት።

እንዴት ቀለል እንዳለኝ! ለካ ጾሙ ነው። ሆዱ ባዶ የሆነ፣ ጉሮሮው የደረቀ ሰማንያ ዓመት የተጠጋ ሰው ቢደናገር ምን ይገርማል? ነሐሴ 16 ይፈሰካል፤ ያልፋል። ዛሬ በደንብ እተኛለሁ።

እሑድ፣ ነሐሴ 4

 ቤዚ ጓደኞቿ ጋ ናት። በቀስታ ልጻፈው።

የኔ ሥራ ውሃውን ማየት ነው። ከእሳቱ በላይ ያለው የብረት ጣሪያ ሁልጊዜ ውሃ መልበስ አለበት። ውሃው ከወረደና ብረቱ ራቁቱን ከቀረ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ይቀደዳል፣ ቦይለሩም ይፈነዳል። በዚያ ጊዜ ከእኛ የሚለቀም ነገር አይኖርም፤ የመጀመሪያው ፉርጎም ቤዚ የምትቆምበት ነው።

ውሃው የሚታየው ከቦይለሩ ጎን በቆመ የመስታወት ቱቦ ነው። ጠዋት ጠዋት ከላይና ከታች ያሉትን መክፈቻዎች ዘግተን ከፍተን እንፈትሸዋለን። የኔ ሥራ ነው፤ ዛሬ ግን ውሃ የምንሞላበት የጎማ ቱቦ እያፈሰሰ ጊዜ ስለበላኝ ጋሼ «እኔ አየዋለሁ» አሉ። እሺ አልኩ። እሳቸው ያዩትን እንደገና ልፈትሽ? ያስተማሩኝን ሰው? ነውር ነው።

ዳገቱ ላይ ወጥተን፣ ጫፉ ሲቀርብ፣ መስታወቱን አየሁት። ግማሽ ላይ ነበር። የሚያምር ግማሽ። ባቡሩ እየተንገጫገጨ ውሃው ግን አይነቃነቅም። ሌላ ጊዜ ሲዘል ነው የሚውለው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ረግቷል ብዬ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ መክፈቻዎቹን አየሁ። የታችኛው መክፈቻ እንደተዘጋ ነው። የማየው የጠዋቱን ውሃ ነው።

ጫፉን ካለፍን የባቡሩ አፍንጫ ወደ ታች ይደፋል፤ ውሃውም ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከእሳቱ በላይ ያለው ብረት ይገለጣል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ከአፌ የወጣው ምን እንደሆነ ልጻፍ? «ጋሼ፣ ጓንቴ ወደቀብኝ፣ አንዴ ያቁሙልኝ» አልኩ።

ጓንቴ!

አቆሙ። እሳቱን ቀነስኩ። ቦይለሩ ጎን ያሉትን ሦስት የመሞከሪያ ቧንቧዎች ከፈትኩ። ከላይኛው እንፋሎት። ከመሀለኛው እንፋሎት። ከታችኛው፣ እመቤቴ ትመስገን፣ ውሃ። ትንሽ ነበረች፤ ግን ነበረች። የተዘጋውን ከፈትኩ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው ውሃ ቁልቁል ወረደ። ውሃ አስገባሁ፤ እየጸለይኩ፣ ቀስ እያልኩ። ከኋላ ቤዚ በማይክ «እሳት አንዳጃችን ባቡሩን ውሃ እያጠጣች ነው፤ እናቴ ናት!» ስትል ተሳፋሪው አጨበጨበ።

«ጓንትሽን አገኘሽው?» አሉኝ ጋሼ።

«አገኘሁት።»

ለምን አልነገርኳቸውም? መንገር ነበረብኝ። «ጋሼ፣ ዘግተውት ረስተዋል» ማለት አምስት ቃል አይሞላም። በጾማቸው፣ በሽምግልናቸው፣ አጠገባቸው የሚሰማ ሰው በሌለበት እንኳ አልወጣኝም። ከዛሬ ጀምሮ መስታወቱን ሌላ ማንም አይነካውም፤ ይሄን ወስኛለሁ። እሳቸው ከሠሩት በኋላ ሁሉንም ዳግመኛ አየዋለሁ፣ ሳያዩኝ። እንዲህ ካደረግሁ ምንም አይመጣም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ባህረዲን ምሳ ሰዓት ላይ ጠራኝ። የደሴ ልጅ ነው፤ በሳምንቱ ቀናት ሊፍት የሚሉትን ታክሲ ይነዳል፣ ነገር አያበዛም።

«ወርቄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቆጪ። ጋሼ ደህና ናቸው?»

«ጾም ነው እኮ። ምን ሆኑ?»

«ሐዲዱ የሚጠቀለልበት ላይ ስቶፕ አድርጉ ብዬ ባንዲራ ሳሳያቸው አይተው አለፉኝ። አይተውኝ ነው። ዓይን ለዓይን ተጋጭተናል።»

«ጭሱ ይሆናል።»

«እኛም ጾም እናውቃለን» አለ። «ጾም ሰውን ያደክማል እንጂ እንዲህ አያደርግም።» ከዚያ እጁን አነሳ፣ «እሺ፣ አንቺ ነሽ አጠገባቸው ያለሽው። አንቺ ካልሽ አምናለሁ።»

እኔ ካልኩ ያምናል። ምነው ባላመነኝ።

አርብ፣ ነሐሴ 16

ተፈሰከ! ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ነበር። የጋሼ ልጅ ናዖድ ከሬድውድ ሲቲ መጥቷል። ጓሮው ላይ ብቻችንን ስንሆን ልነግረው ቆርጬ ተነሳሁ፤ አፌን ከፍቼ «ናዖድ፣ ስለ አባትህ...» እንዳልኩ ቀደመኝ።

«ባንቺ ነው እኮ በእግራቸው የቆሙት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሰኞ የሚነሱት ቅዳሜን ለመጠበቅ ነው። ኦነስትሊ፣ ያ ባቡር ባይኖር ይሄኔ ሆም አስገብቼአቸው ነበር።»

«ሆም» ሲል የኔ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ታየኝ፤ ሽታው፣ የሃሮልድ ጫማ። ጋሼን እዚያ ወንበር ላይ አየኋቸው፣ እኔ ምሳ ሳጎርሳቸው።

«ምን ልትዪ ነበር?» አለኝ።

«በርታ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅልህ ልልህ ነው።»

ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ባቡሩን ሊሳፈሩ እንደሆነ ተነገረ። ነጂው ጋሼ ሰረቀብርሃን ናቸው ሲባል እልል ተባለ። እኔም እልል አልኩ፤ አጠገቤ ያሉት ሁሉ እያሉ ዝም ብል ያዩኛል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

ምን የመሰለ ቀን! ጋሼ ጠግበው፣ ጠጥተው፣ ጢማቸውን ተላጭተው መጡ። ፊሽካው፣ ፍሬኑ፣ ባንዲራው ሁሉ በቦታው። አላልኩም? ጾሙ ነበር። ጾሙ ነበር!

እሑድ፣ ነሐሴ 18

ጠዋት ጋሼ ባቡሩ ላይ ወጥተው የኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ጋሼ፣ ያኛው ነው» አልኩ። «አውቃለሁ፣ አንቺን ልፈትንሽ ነው» አሉ።

ሌላ ምንም አልሆነም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

መብላት አቃተኝ። ቤዚ «ማም፣ ዳየት ላይ ነሽ?» ትለኛለች። ለማርሲ ልደውል ስልኩን ሦስቴ አነሳሁ። ምን ልላት? እሳቸው ሚስታቸውን፣ ወይዘሮ ወለተ ማርያምን ቀብረው በሳምንቱ ባቡሩ ላይ የተመለሱ ሰው ናቸው። እኔን ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ነኝ እንግዲህ ለፈረንጅ አለቃ አሳልፌ የምሰጣቸው? ነገ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰው ምን ይለኛል? የሰው ገመና ይሸፈናል ተብለን ነው ያደግነው።

ደግሞ ሌላም አለ። እሳቸው ከወረዱ እኔን ከእሳቱ ጎን ማን ያስቀምጠኛል? ይህን መጻፌ ያሳፍራል። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ገላ ሳጥብ ውዬ፣ ቅዳሜ ሲመጣ ያ እሳት የኔ ነው።

ቤዚን ቅዳሜ ቅሪ አልኳት፤ ራሷን አሟታል ብዬ ለማርሲ እደውልልሻለሁ አልኳት። «ዋይ?» አለች። አልቀርም ብላ ክፍሏ ገባች። ልጄን ላስቀር ፈለግሁ፣ የሌሎቹን ልጆች ግን ላሳፍር። ይህን አስቤዋለሁ። ማሰቤን እግዚአብሔር አይቷል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

ሁሉም ደህና ነው። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ። ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቷል።

ልጆቹ ነጭ ለብሰው ከወላጆቻቸው ጋር መጡ፤ መዝሙር እየዘመሩ ነበር። መውጣቱ ሰላም ነበር። ውሃውን ከጫፉ በፊት ሞላሁት፤ መስታወቱ እየዘለለ ነው። ወደ ታች ጀመርን። ከእንጨት ድልድዩ በፊት ቁልቁለቱ ይከፋል፤ መታጠፊያም አለው። ነጩ ምሰሶ ጋ ፍሬን ይያዛል፤ ሁልጊዜ ነጩ ምሰሶ ጋ ነው።

ነጩ ምሰሶ አለፈ።

አየኋቸው። እጃቸው እጀታው ላይ አለ፤ አይጎትቱም። ወደ ፊት ያያሉ፤ ፊታቸው ሰላም ነው፣ ደስ ያለው ሰው ፊት። የጥርሶቹ ድምፅ እየፈጠነ ሄደ፤ ወለሉ ከእግሬ ሥር ይዘል ጀመር። ከኋላ መዝሙሩ ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸዋል።

«ጋሼ!» አልኩ።

ዞር አሉና ፈገግ ብለው «መጣሽ እንዴ፣ ወለተ ማርያም» አሉኝ።

ወደ እሳቸው ጎን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። እጃቸው ላይ እጄን ጭኜ ጎተትኩት፤ ከዚያ በሁለት እጄ። ባህረዲንም ከኋላ የእጅ ፍሬኑን ሲያዞር ሰማሁት። ብረቱ ጮኸ፤ የሚቃጠል ነገር ሸተተ። ድልድዩ አፍ ላይ ቆምን። የፊቱ ጎማ እንጨቱ ላይ ነበር፤ ከሥር ገደሉ ይታየኛል።

ዮዲ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ሌላው ሁሉ ጉልበት መላጥና ለቅሶ ነው። ማርሲ በሬዲዮ «ምን ተፈጠረ?» አለች። ጋሼ እጃቸውን እያዩ ነው። ሬዲዮው የኔ እጅ ላይ ነው።

«አጋዘን ነው» አልኩ። «አጋዘን አቋረጠን።»

እንዴት ቶሎ መጣልኝ! ወሬው ወደ ኋላ ተላለፈ። ወላጆቹ አጨበጨቡ፤ አንድ አባት መጥቶ የጋሼን ጉልበት ሳመ፣ «ለእንስሳ እንኳ የሚራራ» እያለ። ጋሼ ቀስ ብለው ጠየቁኝ፦

«አጋዘኑን አንቺ አየሽው?»

«አየሁት።»

«እኔ አላየሁትም። እሰይ፣ አንቺ አየሽልኝ።»

ቀሪውን መንገድ ፍሬኑን እኔ ይዤ ወረድኩ፤ «ክንድዎ ደክሟል» ብዬ። እሺ አሉኝ።

እሑድ፣ ነሐሴ 25

ዛሬ አልሄድንም፣ ባቡሩ ይፈተሻል ተባለ። ቤዚ ቁርስ ላይ ስልኳን አስቀመጠች፤ ስልኳን ካስቀመጠች ነገር አለ። በእንግሊዝኛዋ አጋዘን እንዳልነበረ ነገረችኝ። የመጀመሪያው ፉርጎ ጫፍ ላይ ቆማ ሐዲዱን እያየች እንደነበር፣ ሐዲዱ ባዶ እንደነበር።

«አንቺ አላየሽው ይሆናል» አልኳት።

ከዚያ በአማርኛ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «እማ፣ እኔ ፈርቼ። አንቺ አልፈራሽም?» አለችኝ።

ተነስቼ ሳህን አጠብኩ። ያልቆሸሸውንም አጠብኩ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

ባህረዲን ደወለ። «ለማርሲ ልነግራት ነበር። አንቺ ንገሪያት ብዬ ተውኩት። እስከ ቅዳሜ ነው የምጠብቅሽ። ይቅር በይኝ፣ እኔም ልጆች አሉኝ።»

ምን ይቅርታ አለበት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

ከሥራ በቀጥታ ኦክላንድ ሄድኩ። ጋሼ በር የከፈቱት ሸሚዛቸውን ገልብጠው ለብሰው ነው። የአዲስ ዓመት ጉዞ እሳቸው እንዲነዱ ማርሲ እንደጠየቀቻቸው በደስታ ነገሩኝ፤ እሺ ብለዋል።

ሳልቀመጥ ተናገርኩት። ብቀመጥ እንደማልናገረው አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ አጋዘን አልነበረም። ፍሬኑን አልያዙም። በወይዘሮ ወለተ ማርያም ስም ጠሩኝ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው የጋሼ ድምፅ ነበር፣ ያ ማስመሪያ የያዘው።

«ልጆቹ እያሉ?»

«ልጆቹ እያሉ።»

«ቅዳሜ ማርሲ ጋ አብረን እንግባ። ራሴ እነግራታለሁ። በራሱ የወረደ ሰው እሆናለሁ እንጂ የተጎተተ ሰው አልሆንም።» ከዚያ ክንዴን ያዙኝ። «አንድ ቀን ነው አይደል? ያን ቀን ብቻ ነው?»

እዚያ ላይ እውነቱን ልናገር ሄጄ፣ ዓይናቸውን አየሁና «ያን ቀን ብቻ» አልኩ።

መኪናዬ ውስጥ አለቀስኩ። ስላዘንኩላቸው ብቻ አይደለም፤ አሁንም ስለፈራሁ ነው፣ የምፈራው ግን ቦይለሩን አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

ጋሼ ኮትና ክራባት አድርገው መጡ። ቤሪየሳ ላይ ከባርቱ ሲወርዱ ሰው ለሠርግ የሚሄዱ ይመስለዋል። ማርሲ ቢሮ ገባን፤ ባህረዲን በር ላይ ቆመ።

ጋሼ ቀጥ ብለው ተቀምጠው በእንግሊዝኛቸው ተናገሩ። ባለፈው ቅዳሜ ራሳቸውን ስተው ፍሬኑን እንዳልያዙ፣ አጋዘን እንዳልነበረ፣ እኔ እንዳቆምኩት፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደማይነዱ። «አንድ ጊዜ ነው፣ ግን አንድ ጊዜም ይበቃል» አሉ። ማርሲ ዓይኗ እንባ ሞላ። እጃቸውን ያዘች፣ አመሰገነቻቸው፣ ክብር ነው አለቻቸው። ያ ክብር ለእሳቸው ይገባ ነበር። እዚያ ላይ ተነስተን ብንወጣ ኖሮ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ማወቅ ግዴታዋ እንደሆነ፣ ጥፋት ለመፈለግ እንዳልሆነ ነገረችኝ። «ከዚያ ቀን በፊት ሌላ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ጋሼ መልሱን እርግጠኛ ሆነው ነው የሚጠብቁት። አገጫቸውን እንኳ ነቀነቁልኝ፣ ንገሪያት እንደማለት።

ከንፈሯ የተሰነጠቀችው ልጅ ትዝ አለችኝ። ቤዚ «አልፈራሽም?» ያለችኝ።

«ከሐምሌ ጀምሮ» አልኩ። ተናገርኩት፦ ፊሽካውን፣ ኮንኮርድን፣ ባንዲራውን፣ የተዘጋውን መክፈቻ። ጓንቴን። አንዴ ከጀመርኩ አልቆመልኝም። ማርሲ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ባህረዲን መሬት መሬት ያያል።

ጋሼ ግን እኔን ነበር የሚያዩት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ምን ነበር። በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ከሐምሌ? እኔ እኮ የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማኝ ነበር። ይሰማኛል፣ ከዚያ ያንቺን ፊት አያለሁ። አንቺ ድንጉጥ ነሽ፤ አንድ ነገር ቢኖር አንቺ ትጮሂያለሽ እላለሁ። አልጮህሽም። ስለዚህ ደህና ነኝ ብዬ ነዳሁ።»

ማርሲ «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ተረጎምኩላት።